የሳርፔዶን ጋን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አገሩስ የት ነው?

የጥንት ግሪኮች በሸክላ ዕቃ ላይ የሣሏቸው የአማልክትና የጀግኖች ታሪኮች ለብዙ ዘመን የሊቃውንትና የሥዕል ወዳጆች ጉዳይ ብቻ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ ግን ነገሩ ወደ ችሎት ወጥቷል። በኒው ዮርክ የማንሐተን ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የጥንት ዕቃ ስርቆትን ብቻ የሚመረምር ክፍል በ2017 ዓ. ም. አቋቁሞ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን)፣ በዚያው ዓመት ከታላቁ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ውስጥ የወይን አምላክ ይባል የነበረው ዲዮኒሶስ በሠረገላ ሲሄድ የተሣለበትን አንድ ጋን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጥቶ ወስዷል። በ2021 ዓ. ም. ደግሞ ሚስተር ማይክል ስታይንሃርት የተባሉ የታወቁ ባለ ሀብት 70 ሚሊዮን ዶላር የሚገመቱ 180 ጥንታዊ ዕቃዎችን አስረክበው፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳይገዙ ዕድሜ ልካቸውን ተከልክለዋል።

አንድ የሸክላ ዕቃ ይህን ያህል ነገር ማስነሣቱ ለሰሚው እንግዳ ሊመስል ይችላል። የነገሩን ሥር ለመረዳት ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ የአንዱን ጋን ታሪክ መከተል ይበቃል።

ይህ ጋን ግሪኮች ክራቴር የሚሉት፣ አፉ ሰፊ የሆነ፣ ሁለት እጀታ ያለው የወይን ጠጅ መበረዣ ነው። ግሪኮች ወይን ጠጅን ሳይበርዙ መጠጣት የአረመኔ ልማድ ነው ይሉ ስለ ነበር፣ በግብዣ ጊዜ ጠጁና ውሃው የሚደባለቀው በዚህ ዓይነት ዕቃ ነበር። የጋኑ ቁመት 46 ሳንቲሜትር ያህል፣ የአፉ ስፋት 55 ሳንቲሜትር ሲሆን 45 ሊትር ያህል ይይዛል። የተሠራውም በአቴና ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 ዓመት ገደማ ነው። ሸክላውን ያበጀው ኤውክሲቴዎስ፣ ሥዕሉን የሣለው ኤውፍሮንዮስ ይባላሉ፤ ሁለቱም ስማቸውን በዕቃው ላይ ጽፈዋል።

የሥዕሉ ታሪክ የትሮያ ጦርነት ነው። የሊቅያው ንጉሥ ሳርፔዶን፣ የአማልክት አለቃ ይባል የነበረው የዜውስ ልጅ ነው። ትሮያን ለመርዳት መጥቶ ሲዋጋ የአኪሌስ ወዳጅ ፓትሮክሎስ በጦር ወግቶ ገደለው። ዜውስ ልጁን ከሞት ሊያድነው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሚስቱ ሄራ፣ አንተ ልጅህን ካዳንህ ሌሎቹም አማልክት የየልጆቻቸውን ነፍስ ማዳን ይፈልጋሉ ብላ ተቃወመችው። ስለዚህ አባቱ ሊያደርግለት የቻለው ነገር ቢኖር፣ ሬሳው በጠላት እጅ እንዳይቀርና ወደ አገሩ ተወስዶ በወጉ እንዲቀበር ማዘዝ ብቻ ነው። ኤውፍሮንዮስ ለሥዕሉ የመረጠው ይህችኑ ሰዓት ነው። መካከል ላይ ግዙፉ ሬሳ ተጋድሟል፤ ከሦስት ቁስል ደም ይወርዳል። ክንፍ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ እንቅልፍና ሞት፣ ግራና ቀኝ ሆነው ጎንበስ ብለው ያነሡታል። ከኋላቸው የሙታን መሪ የሚባለው ሄርሜስ ቆሞ ይመለከታል። ከእያንዳንዱ ምስል አጠገብ ስሙ ተጽፏል። ጋኑን ወደ ማዶ ሲያዞሩት ግን የሚታየው የጥንት ተረት አይደለም፤ በሠዓሊው ዘመን የነበሩ የአቴና ጎበዛዝት ለጦርነት ሲታጠቁ ነው። እንግዲህ አንዱ ፊት የሚሄዱበትን፣ ሌላው ፊት ደግሞ የሚመለሱበትን መንገድ ያሳያል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የሠዓሊው ትልቅነት ከጡንቻውና ከክንፉ አሳሣል ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው ጥቁሩ ቀለም ከሌላ ነገር ተሠርቶ የተቀባ ይመስለዋል። ሠዓሊው የሚቀባው ግን ያንኑ የሸክላ ጭቃ እጅግ አልሞና በውሃ በጥብጦ ነው፤ ጥቁረቱን የሚያወጣው የእሳቱ አያያዝ ነው። በመጀመሪያ አየር እየገባ ሲነድ ሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ ምድጃው ሲታፈን ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየር እንደ ገና ሲለቀቅበት ያልተቀባው ሸክላ ወደ ቅላቱ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን በሙቀቱ ብዛት እንደ መስተዋት ተደፍኗልና ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 530 ዓመት ገደማ ሰዎቹ ጥቁር፣ መደቡ ቀይ ሆኖ ይሣል ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገልብጦ መደቡ ጠቁሮ ሰዎቹ ቀይ ሆኑ፤ ሠዓሊውም የሰውነትን ክፍል በመርፌ እየጫረ ከማውጣት ድኖ በቀጭን ብሩሽ እንደ ልቡ ለማውጣት ቻለ። ኤውፍሮንዮስ በዚህ በአዲሱ ስልት ከመጀመሪያዎቹ ሊቆች አንዱ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንመለስ። በ1972 ዓ. ም. ሮበርት ሄክት የተባሉ አሜሪካዊ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ይህን ጋን ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጡለት። ከዚያ በፊት ለአንድ የግሪክ ሸክላ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም። ቤተ መዘክሩ በዚሁ ጊዜ በእጁ የነበሩትን ጥንታዊ ሳንቲሞች ለሽያጭ አውጥቶ ነበር። የት ተገኘ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ፣ ጋኑ ቤሩት ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ነጋዴ ንብረት ነው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀምሮ በቤተሰባቸው እጅ ስብርባሪ ሆኖ ቆይቷል የሚል ነበር። ዲሬክተሩ ቶማስ ሆቪንግም ሆኑ የግሪክ ክፍል ኀላፊው ዲትሪክ ፎን ቦትመር ይህን ታሪክ ተቀበሉ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1973 ዓ. ም. ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጋኑ የወጣው ከሮማ በስተ ሰሜን ከሚገኝ መቃብር ነው ብሎ ጻፈ።

ጋዜጣው የጻፈው ትክክል ነበር። ጋኑ የወጣው በ1971 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ፣ ቼርቬቴሪ በተባለች ከተማ አጠገብ ግሬፔ ሳንታንጄሎ ከሚባል ስፍራ ነው። በዚያ አገር በጥንት ዘመን ኤትሩስካውያን የተባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፤ የአቴናን ሸክላ በገንዘባቸው እያስመጡ ከሙታናቸው ጋር ይቀብሩ ነበርና፣ ዛሬ ሳይሰበሩ ከተገኙት የግሪክ ጋኖችና ዋንጫዎች አብዛኞቹ የወጡት ከእነርሱ መቃብር ነው። (ከዚህም የተነሣ በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አውሮፓውያን ዕቃዎቹን የኤትሩስካውያን ሥራ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር፤ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ዌጅውድም ፋብሪካውን ኤትሩርያ ብሎ የሰየመው በዚሁ ነው።) ኢጣልያኖች ቶምባሮሊ የሚሏቸው መቃብር ዘራፊዎች ረጅም ብረት ወደ መሬት እየሰደዱ ክፍት ቦታ ሲያገኙ በሌሊት ይቆፍራሉ። ካገኙትም ለአቀባዩ፣ አቀባዩ ለውጭ ነጋዴ፣ የውጭው ነጋዴ ለቤተ መዘክር ይሸጣል፤ በየመንገዱም ዋጋው ይባዛል፤ የዕቃው ታሪክ ግን በየመንገዱ ይሞታል። ጋኑን ከቆፋሪዎቹ የገዛው ጃኮሞ ሜዲቺ የተባለው የሮማ ነጋዴ ነበር።

የሆነ ሆኖ ኢጣልያ ለብዙ ዓመት ማስረጃ አጥታ ቆየች። ማስረጃው የተገኘው በ1995 ዓ. ም. የስዊስና የኢጣልያ ፖሊሶች በጄኔቭ ከተማ ከቀረጥ ነጻ በሆነው መጋዘን ውስጥ የሜዲቺን ክፍሎች በከፈቱ ጊዜ ነው። እዚያም ከዕቃው ሌላ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ተያዙ። ከነዚህ ብዙዎቹ ፖላሮይድ በሚባለው ካሜራ የተነሡ ነበሩ፤ ይህ ካሜራ ሥዕሉን ወዲያው ስለሚያወጣ ሌባው ወደ ፎቶግራፍ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ዕቃዎቹ አፈር እንደ ለበሱና እንደ ተሰበሩ ይታያሉ፤ ቀጥሎ በተነሡት ፎቶግራፎች ታጥበውና ተጠግነው፣ በመጨረሻም በታወቁ ቤተ መዘክሮች የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ሜዲቺ ራሱ በኒው ዮርክ ከሳርፔዶን ጋን አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ሳይቀር ተገኝቷል። ሰው በገዛ እጁ በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ምስክር ማኖሩ እጅግ የሚያስገርም ነው። በዚያው ዘመን በሌላው አቀባይ ቤት የንግዱ ሰዎች ሁሉ፣ ማን ከማን እንደሚገዛ ጭምር፣ በእጅ ተጽፈው የተሰለፉበት ወረቀት ተገኘ፤ ከላይ የተቀመጠው ስም የሮበርት ሄክት ነበር።

ሜዲቺ በ2004 ዓ. ም. የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝም 8 ዓመት ሆነለት። ሄክት በሮማ ተከሰው ነገሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ2012 ዓ. ም. የክሱ ጊዜ አልፏል ተብሎ ያለ ፍርድ ተዘጋ፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ሞቱ። ቤተ መዘክሩ ግን አስቀድሞ በየካቲት 2006 ዓ. ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ 21 ዕቃዎችን ለመመለስ ተስማማ። የሳርፔዶን ጋን በጥር 2008 ዓ. ም. ሮማ ገባ። የቦስተን ቤተ መዘክር 13፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የጌቲ ቤተ መዘክር 40 ዕቃዎችን ለመመለስ ቃል ገቡ። የተመለሱት ዕቃዎች በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ሲታዩ፣ ትርኢቱ የተሰየመው ኖስቶይ በሚል የግሪክ ቃል ነበር፤ ትርጓሜውም ከትሮያ ጦርነት በኋላ የጀግኖች ወደ አገር መመለስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው፣ ጋኑ የአቴና ሰዎች ሥራ ከሆነ ለምን ወደ ግሪክ አልሄደም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሕጉ የሚከተለው ዕቃው የወጣበትን መሬት እንጂ የሠራውን እጅ አይደለም የሚል ነው። የአቴና ሸክላ ሠሪዎች ጋኑን በንግድ ሸጠውታል፤ ገዥዎቹም ዋጋውን ከፍለው ከሙታናቸው ጋር ቀብረውታል። በኢጣልያ ሕግ ደግሞ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ነገር የመንግሥት ንብረት ነው፤ የዚህ ሕግ መሠረት የተጣለው በ1909 ዓ. ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1970 ዓ. ም. ያወጣው ውልም በስርቆት ከአገር የወጣ ቅርስ እንዲመለስ የሚያዝ ነው፤ አሜሪካ በ1983፣ እንግሊዝ በ2002፣ ስዊስ በ2003 ዓ. ም. ገብተውበታል።

መሬቱ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ ሌላ ዕቃ አለ። የጌቲ ቤተ መዘክር ኦኔሲሞስ የተባለው ሠዓሊ የትሮያን ጥፋት የሣለበትን አንድ ትልቅ ዋንጫ በ1980ዎቹ ዓመቶች ስብርባሪውን በየጊዜው እየገዛ ገጣጥሞት ነበር፤ ቅርጹን ያበጀው ያው ኤውፍሮንዮስ ነው፤ በኋለኛው ዘመኑ ከሣይነት ወደ ሸክላ ሠሪነት ተሸጋግሯልና። ዋንጫው በ1999 ዓ. ም. ወደ ኢጣልያ ተመለሰ። ከእግሩ ሥር በኤትሩስካውያን ቋንቋ የተጫረ ጽሕፈት ነበረበት፤ ሲነበብም ዋንጫው ለሄራክሌስ፣ በእነርሱ አነጋገር ለሄርክሌ፣ የተሰጠ ስእለት ሆኖ ተገኘ። የዚህ የሄርክሌ መቅደስ ደግሞ በዚያው በቼርቬቴሪ ይገኛል። ስለዚህ ዋንጫው ለግብዣ ብቻ የተሠራ ዕቃ ሳይሆን፣ የባዕድ አገር ሰዎች የግሪክን ተረት ተቀብለው በራሳቸው አምልኮ ውስጥ ማግባታቸውን የሚመሰክር ሰነድ ሆነ። የሳርፔዶን ጋን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከማን ሬሳ አጠገብ እንደ ነበር፣ ከምን ከምን ዕቃ ጋር እንደ ተቀበረ፣ ያ ኤትሩስካዊ ባለጠጋ የሬሳን ወደ አገር መመለስ የሚያሳይ ሥዕል ለመቃብሩ አስቦ መርጦት እንደሆነ ሊነግረን የሚችለው መቃብሩ ብቻ ነበር፤ እርሱም ተበዘበዘ።

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያን አንባቢ በሁለት በኩል ይነካዋል። አንደኛው በሥዕሉ በራሱ ነው። ሳርፔዶን ብቻውን አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ትሮያን ሊረዱ ከመጡት ነገሥታት ስሙ ከፍ ያለው ሜምኖን የኢትዮጵያ ሰዎች ንጉሥ ይባላል፤ እናቱም የንጋት አምላክ ኤኦስ ናት። አንቲሎኮስን ገድሎ እርሱ ደግሞ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር በሚገኘው የዱሪስ ዋንጫ ላይ እናቱ ክንፏን ዘርግታ የልጇን ሬሳ አቅፋ ታነሣዋለች፤ በለንደን ባለው የኤክሴክያስ ነው በሚባለው ጋን ላይ ደግሞ ሜምኖን በሁለት ጥቁር አሽከሮች መካከል ቆሟል። በቦስተንም የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌውስ ልጅ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ ጥቁር አገልጋዮች ሲያስሯት የተሣለበት ዕቃ አለ። እርግጥ ነው፣ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር በሙሉ፣ ይልቁንም የኩሽን መንግሥት ማለታቸው ነው፤ ቃሉም ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው። ሠዓሊዎቹም አሽከሮቹን ጥቁር አድርገው ሲሥሉ ንጉሡን ሜምኖንን በግሪክ ጀግና መልክ ይሥሉታል። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ታሪክ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይገባም። ቢሆንም በዚያ ዘመን የነበረው የአቴና ሸክላ ሠሪ የኢትዮጵያን ንጉሥ ከታላላቆቹ ጀግኖች ጋር እኩል አድርጎ መቍጠሩ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ሁለተኛው ግን የዛሬ ነገር ነው። ኢጣልያ የሳርፔዶንን ጋን በምታስመልስበት በዚያው ዘመን የእኛ የአክሱም ሐውልት በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር። በ1937 ዓ. ም. ተወስዶ፣ በ1947 ዓ. ም. በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የተወሰዱት ቅርሶች እንዲመለሱ ግዴታ ተገብቶ፣ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 ዓ. ም. ነው። ተመልሶ የቆመው ጋኑ ሮማ በገባበት በ2008 ዓ. ም. ነው። የሮማ ጠበቆች በኒው ዮርክ ላይ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያንኑ እውነት ወደ ራሳቸው መልሰው ለመስማት ግን 58 ዓመት ፈጀባቸው።

በመቅደላ በ1868 ዓ. ም. በእንግሊዝ ጦር የተወሰዱት መጻሕፍት፣ ጽላቶችና የወርቅ ዕቃዎች ደግሞ ገና በክርክር ላይ ናቸው። የ1970ው ውል ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ የብሪቲሽ ቤተ መዘክርም በ1963 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ዕቃ ከእጄ እንዳወጣ ይከለክለኛል ይላል። በ2018 ዓ. ም. የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የመቅደላን ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ ብድር ለኢትዮጵያ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጠ። እዚህ ላይ የኒው ዮርኩን ውል ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያ ውል ኢጣልያ የጋኑ ባለቤት መሆኗ ታወቀላት፤ ቤተ መዘክሩ ደግሞ ባዶ እጁን እንዳይቀር ሌሎች ጥሩ ዕቃዎችን እስከ 4 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ በብድር እንዲያገኝ ተደረገ። የሚበደረው የነጠቀው ወገን ነው። በለንደኑ ሐሳብ ግን የሚበደረው የተነጠቀው ወገን ነው። ሁለቱም ብድር ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው።

ቤተ መዘክሮቹ መከራከሪያ የላቸውም ማለት አይቻልም። የሳርፔዶን ጋን በኒው ዮርክ በቆየበት 35 ዓመት ያየው ሰው ቍጥር በትንሽ የኢጣልያ ከተማ ሊያየው ከሚችለው ጋር አይወዳደርም። ስብርባሪውን ማወቅ፣ ሠዓሊዎቹንም በእጃቸው ጠባይ መለየት የተቻለው እንደ እንግሊዛዊው ጆን ቢዝሊ ያሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤተ መዘክሮች ውስጥ ስለ ደከሙ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የ1972ቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ያስከተለው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ በቼርቬቴሪ ሜዳ ብረት ይዞ ለሚዞረው ሰው ሁሉ የሚቀጥለው መቃብር ምን ሊያወጣ እንደሚችል ነግሮታል።

ዛሬ ጋኑ ከወጣበት መቃብር ብዙ ሳይርቅ በቼርቬቴሪ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። በጄኔቭ ከተያዙት ፎቶግራፎች ውስጥ ግን ዕቃቸው ገና ያልተገኘ ብዙ አሉ። ተመራማሪዎች ፎቶግራፎቹን በለንደንና በኒው ዮርክ ከሚታተሙት የጨረታ ዝርዝሮች ጋር እያስተያዩ በየጊዜው አንዳንድ ዕቃ ከሽያጭ ያስወጣሉ፤ የቀረው አንዳንዱ በሰው ሳሎን፣ አንዳንዱም በባንክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።